ወንድሜ የማያስታውሳቸው አሥራ አንድ ቀናት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ጾም ማፍረሴን፣ መዋሸቴን፣ በሰው መፍረዴን ተናዝዣለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ሁልጊዜ እዘለዋለሁ። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ። የታላቅ ወንድሜን ክንድ የሰበርሁት እኔ ነኝ። አልወደቀም። ሕክምናውም አልጣለውም። እኔ ነኝ፤ በሰሌዳ ማስመሪያ።

ባሕር ዳር ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ነገር በቅደም ተከተል ማስረዳት ስለምወድ ይህንንም በቅደም ተከተል ልናገር።

ወንድሜ ስሜነህ ጣና ሐይቅ ውስጥ ባለችው ደቅ ደሴት ላይ የዜማ መምህር ነው። አባታችንም መሪጌታ ናቸው። እኛ ዘንድ ተማሪ ሲሳሳት በልምጭ ይገረፋል፤ ቀለም የሚገባው በጀርባ በኩል ነው ይባላል። ስሜነህ ግን ልምጭ አንሥቶ አያውቅም። እኔንም ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ሳይቆነጥጠኝ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ክረምት ላይ ዝም አለ። መብላት ተወ፣ መናገር ተወ። ወደ ባሕር ዳር አምጥቼ አሳከምሁት። መድኃኒቱ አልበቃ ሲል ሐኪሞቹ በማደንዘዣ እያስተኙ የኤሌክትሪክ ሕክምና ጀመሩለት። ከአራተኛው ዙር በኋላ ዓይኑን ገልጦ "ራበኝ" አለ። ቆሜ አለቀስሁ።

የዳነው ሰው ግን ዜማው ተደነጋገረበት። ይጀምራል፣ መካከል ላይ ይስታል፣ ያቆማል። ሐኪሟ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ አስረዳችኝ። ለተማሪዎቼ የማስተምረው ነገር ስለሆነ ቶሎ ገባኝ። አዲስ ያየነውና የሰማነው ነገር በአንጎላችን ውስጥ ብራና ላይ እንዳለ እርጥብ ቀለም ነው። ቀለሙ ደርቆ ትዝታ የሚሆነው የአንጎል ሕዋሳት አዲስ ፕሮቲን ሲሠሩ ነው። የከረመ ጭንቀት ይህን ሥራ ያውካል፤ የኤሌክትሪክ ሕክምናውም ለጊዜው ሊያቀዘቅዘው ይችላል። ስለዚህ በሕክምናው ሰሞን የሆነ ነገር ሳይደርቅ ሊጠፋ ይችላል። የቆየው ዜማ ግን አልጠፋም፤ መንገዱ ነው የተዘጋበት።

"ይመለሳል" አለችኝ። "ይብላ፣ ይተኛ። ብቻ አታስጨንቁት። ለቤተሰቡም ይህንኑ ንገር።"

አልነገርሁም። አባቴ በስልክ "ለጽጌ ማኅሌት ይደርሳል? ካልደረሰ እኮ የመምህርነት ወንበሩን ለሌላ ሊሰጡት ነው" ሲሉኝ "ይደርሳል አባባ፤ እኔ አስጠናዋለሁ" አልኋቸው። "ተባረክ" አሉኝ። በባዮሎጂ ተመርቄ ስመጣ እንኳ እንዲህ በሙሉ ልብ መርቀውኝ አያውቁም።

ስሜነህ ቀሪውን የኤሌክትሪክ ሕክምና ከእኔ ጋር እያደረ ይመላለስ ነበር፤ ሹም አቦ ሰፈር ባለችው ኪራይ ክፍሌ የጥናት ሠንጠረዥ ለጠፍሁ። ከመታመሙ በፊት የራሱን ዜማ በስልኬ ቀድቼው ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀረጻውን አሰማዋለሁ፣ እዘጋዋለሁ፣ "ቀጥል" እላለሁ፤ የሳተበትን በቀይ እስክሪብቶ እጽፋለሁ። አንድ ቀን በተመሳሳይ ቦታ ለአራተኛ ጊዜ ሲስት ማስመሪያውን አንሥቼ ትከሻውን መታሁት። ሳቀ።

"እኔ ተማሪዬን ያልመታሁ፣ አንተ መምህርህን ትመታለህ?"

"ቀጥል" አልሁት። ደግሜ መታሁት። ያኔ አልሳቀም።

በማግስቱ ጠዋት ታጥቦ ሲመጣ ትከሻውን ይዞ፣ "ወንድም ዓለም፣ ይቺ ምን ነክታኝ ነው?" አለኝ።

አየሁት። እያሾፈ አልነበረም። "በር መትቶህ ነው" አልሁት።

"በርህ ክፉ ነው" ብሎ ሻዩን ጠጣ።

ኃጢአቴ እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ምት ንዴት ነበር እንበል። ከዚያች ጠዋት በኋላ ግን አወቅሁ፤ ቀለሙ አይደርቅም። ዛሬ ብመታው ነገ አያውቅም። ሰሌዳ ላይ የማስተምረውን ትምህርት መምቻ አደረግሁት። አሥራ አንድ ቀን መታሁት። ጀርባውን፣ ጭኑን፣ የባቱን ሥጋ፤ ልብስ የሚሸፍነውን ቦታ እየመረጥሁ። መምረጤን ልብ በሉልኝ፤ የተናደደ ሰው ቦታ አይመርጥም። "በማርያም! ነገ እለዋለሁ፣ ነገ!" እያለ ግድግዳውን ተጠግቶ ሲለምነኝ መታሁት። ደም የቋጠረበት ላይ ደግሜ መታሁት። አከራዬ እትዬ የሺ በሩን አንኳኩተው፣ "መምህር፣ ምንድን ነው እንዲህ የሚጮኸው?" ሲሉ "ሰሌዳ እየሰቀልሁ ነው" አልኋቸው። ጨርሼም በሠንጠረዡ ላይ ቀኑን ጻፍሁ። ምን ነበር የምፈልገው? ዜማውን? የአባቴን ምርቃት? ወይስ ዕድሜዬን ሙሉ ከእኔ የሚበልጠውን ሰው ከእግሬ ሥር ማየት? በየቀኑ የሚስተው ይብስ ነበር። ጭንቀት ለአንጎል ምን እንደሚያደርግ የማውቅ እኔ፣ ቀዩን ምልክት እየቆጠርሁ ምቱን ጨመርሁ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ማስመሪያውን በጠርዙ አዞርሁት። ጭንቅላቱን ሊያድን ክንዱን አነሣ። አጥንቱ ቀጭ ሲል ማስመሪያውም ተሰነጠቀ። መሬት ላይ ተቀምጦ የተንጠለጠለ እጁን ታቅፎ፣ "ምን አደረግሁህ?" አለኝ። 

ለሐኪሞቹ ሻወር ቤት አዳልጦት ነው አልሁ። ለአባቴ ኤሌክትሪኩ አዙሮ ጥሎት ነው አልኋቸው። "እንግዲያ ይብቃው ይህ ኤሌክትሪክ!" ብለው የቀረውን ሕክምና አስጥለው በጀልባ ወሰዱት። ዜማውን ሌላ ሰው መራ። ስሜነህ ተመልሶ በሽታው ላይ ወደቀ። አንድ ጠዋት አሣ አጥማጆች በሕይወት ከሐይቁ አወጡት። ዓመት ያህል እንደዚያ ሆኖ በመድኃኒት ቀና አለ፤ ዜማውም ማንም ሳይመታው ሐኪሟ እንዳለችው በራሱ ጊዜ መጣ። ወንበሩንም መለሱለት።

ባለፈው ወር ልጠይቀው ሄጄ ነበር። ከጎጆው ምሰሶ ጃንጥላዬን ላወርድ እጄን ሳነሣ፣ ስሜነህ በተማሪዎቹ ፊት ጭንቅላቱን በክንዱ ሸፍኖ መሬት ላይ ተደፋ። ተነሥቶ አፈሩን አራግፎ ሊስቅ ሞከረ። ወደ ጀልባዋ ሲሸኘኝ ነው የጠየቀኝ።

"አንተ የተማርህ ነህ። ይህ ክንዴ ለምን ይነሣል? ሌላ ሰው እጁን ቢያነሣ እኮ ምንም አልል። አንተ ስትመጣ ነው።"

እኔም አስረዳሁት። በጃንጥላዬ ጫፍ አሸዋው ላይ አንጎል ሣልሁለት። ታሪኩ የሚጻፍበትና ፍርሃቱ የሚጻፍበት ቦታ ይለያያል፣ ታሪኩ ሳይደርቅ ቢጠፋ እንኳ ፍርሃቱ ሊደርቅና ሊቀር ይችላል አልሁት። የነገርሁት ሁሉ ልክ ነው። ማን እንደመታው ብቻ አልነገርሁትም።

ሥዕሉን ቆሞ አየው። "እንግዲያ በሽታዬ ሊመለስ ነው" አለኝ። "ተማሪ ፊት እንዲህ ከምዋረድ፣ ከጽጌ በኋላ ወንበሩን ለሌላ እለቃለሁ።" እኔም ጀልባዋ ላይ ወጣሁ። ሰማሁትና ወጣሁ!

በሽታው አልተመለሰም። የሚያውቀኝ ክንድ ነው ያለው። ልጅ ነበርሁ አልልም። አባቴ አጣድፈውኝ ነው አልልም፤ እኔም የተነገረኝን ደብቄአቸዋለሁ። ከእናንተም ይቅርታ አልለምንም፤ የእናንተ ክንድ አልተሰበረም። ይቅር ሊለኝ የሚችለው ሰው ምን ይቅር እንደሚል አያውቅም፤ እንዳያውቅ ያደረግሁትም እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ወደ ደቅ እሻገራለሁ። ይህንን ጽሑፍ አባቴ ባሉበት አነብለታለሁ። ምንም አላስረዳም። ወረቀቱን መሬት ላይ ዘርግቼ፣ እሱ ክንዱን እንዳያነሣ ሁለቱን እጆቼን ከጭኔ ሥር አድርጌ እቀመጣለሁ።