ብሎኬት ላይ የቆመው ሻንሲ

ሻንሲው ብሎኬት ላይ በወጣ በሳምንቱ ዶሮዎቼ እሥሩ እንቁላል መጣል ጀመሩ። መኪናችን ስትፈታ ይህን ያህል ባዶ ትሆናለች ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ሁለት ረጃጅም ብረት፣ በመካከላቸው እንደ መሰላል የተጋደሙ ማያያዣዎች፣ ሌላ ምንም። ገላዋ አልሙኒየም ስለሆነ አይዝግም። ሰዎች አንስተው አጥሩ ጥግ ሲያስቀምጡት ገና አሁን የተገዛ ይመስል ነበር። የዛገው ሥሯ ነው። ባለቤቴ ሻንሲውን በመዶሻ መታ መታ እያደረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዱ። ደህናው ብረት እንደ ደወል ይጮኻል፤ የተበላው እንደ እርጥብ እንጨት ድምፁን ይውጣል። ከሚጮኸው የማይጮኸው በለጠ።

«ይዳናል?» አልኳቸው።

«ይቆረጣል፣ ይበየዳል» አሉኝ። የጠየቅኋቸው ይህን አልነበረም።

ባለቤቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በያጅ ነበሩ። የተወለዱት የሸንኮራ እርሻ ካምፕ ውስጥ ነው፤ እዚያው አድገው፣ እዚያው ጋራዥ ሠርተው ጡረታ ወጡ። መኪናዋ የእንግሊዝ ሥሪት ጂፕ ናት፤ እርሻው አርጅታለች ብሎ ለጨረታ ሲያወጣት ገዟት። እኔ ከወሎ ደጋ በአስተማሪነት ተመድቤ ናዝሬት መጥቼ ስንገናኝ ቀድሞም አሮጌ ነበረች። ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ ባለቤቴ በሰው ፊት አንድ ቃል ገቡ፦ በዚህች መኪና ራሴ ነድቼ አገሯ አደርሳታለሁ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔ ግን ቃሉን ያዝኩት።

አልሆነም። ለአባቴም ለእናቴም ቀብር ብቻዬን በአውቶቡስ ሄድኩ። አብረን እንሄዳለን ባልን ቁጥር አንድ ነገር ይመጣል፤ ሥራ፣ ሕመም፣ ጎማ። ኋላም መኪናዋ ከመተሐራ ስትመለስ ሻንሲዋ ተሰነጠቀና ተጎትታ ገብታ ሸራ ለበሰች። አሁን አገር ቤት የቀረችኝ ታላቅ እህቴ ብቻ ናት። ስልክ በደወለች ቁጥር «ሰውዬሽን ሳላይ ልሞት ነው» ትለኛለች።

የስምጥ ሸለቆን የጉድጓድ ውሃ ከልጅነቱ ጀምሮ የጠጣ ሰው ጥርሱ ቡናማ እንደሚሆን እዚህ ሁሉም ያውቃል። ሰፈራችን ውስጥ ጥርስ አይቶ «አንተማ የካምፕ ልጅ ነህ» መባባል የተለመደ ቀልድ ነው። ውሃው አጥንት ውስጥም እንደሚገባ ግን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ባለቤቴ ሲጠሯቸው በአንገታቸው መዞር ትተው ከነወገባቸው መዞር ጀመሩ። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ ጎንበስ ማለት አቃታቸው። ሐኪሙ የራጁን ፎቶ መብራት ላይ ሰቅሎ፣ የአከርካሪያቸው አጥንት እርስ በርሱ እየተያያዘ መሆኑን፣ ዳሌያቸውም እንደሚከተል ነገረን። የሚመለስ ነገር እንዳልሆነም አልደበቀንም። ሶደሬ ፍል ውሃ እየወሰድኩ አስነከርኳቸው፤ ለሁለት ቀን ይላላል፣ በሦስተኛው ቀን ያው ነው።

ከሐኪም ቤት በወጣን ቀን ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን «እንግዲህ መቀመጥ ሳያቅተኝ መንዳት አለብኝ» አሉ። በማግሥቱ ሸራውን ገፈፉት።

አውቶቡስ አይሞከርም ነበር። ጉልበታቸው ከፊት ወንበር ጋር ይጣበቃል፣ መንገዱ አንገታቸውን ይመታዋል። ስለዚህ ጂፗን በእሳቸው ልክ መስፋት ነበረብን። መቀመጫው የሚያርፍበት ሳጥን ተቆርጦ ዝቅ እንዲል፣ ጀርባው ጋደም እንዲል፣ የፍሬኑና የፍሪሲዮኑ ፔዳል ረዘም እንዲል። ዞረው ማየት ስለማይችሉ ስፖኪዮው ትልቅ እንዲሆን። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ሻንሲው ነው፤ ሻንሲው ደግሞ ተበልቷል።

የእኔ ሥራ ብሎን ማጠብ ነበር። እያንዳንዱን በነጭ ጋዝ አጥቤ፣ አድርቄ፣ በዱቄት ወተት ጣሳ ለየብቻ አስቀምጣለሁ፤ የፊት ባሌስትራ፣ የኋላ ባሌስትራ፣ የበር እያልኩ እጽፍበታለሁ። «መምህርት፣ ይኼ ብሎን ፈተና ወድቆ ነው ብቻውን የተቀመጠው?» ይሉኛል። ጥርሱ ያለቀውን ለይቼ ስለማስቀምጥ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አደረግሁ። በደህና ነድተው ካደረሱኝ ለተወለድኩባት ደብር ለቅዱስ ሚካኤል ጃንጥላ አገባለሁ ብዬ ተሳልኩ። ጃንጥላውንም ቀድሜ ገዛሁት፤ ቀይ፣ ዙሪያው ወርቅማ ዘርፍ ያለው። በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ስለት ሳይደርስ ዕቃ አይገዛም የሚል ሰው አለ። እኔ በእጄ ከያዝኩት የሚቀርብ መስሎኝ ነበር።

አጥር የምንጋራው ጎረቤታችን ከሞጆ ደረቅ ወደብ ተሳቢ የሚነዳ ሰው ነው። ከመንገድ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው እኛ ግቢ ነው። «አካም ጅርቱ፣ አዴ» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም ብሎኝ ያልፍና ሻንሲው ዙሪያ ይሽከረከራል።

«ጋሼ፣ ይቺን ሬሳ ስንት ጊዜ ነው የሚገንዟት?»

«አንተ ሂድና የተሳቢህን ፍሬን አሠራ። ትናንት ስትመጣ ጩኸቱ ከሞጆ ተሰምቷል።»

«የእኔ ቢጮህም ይቆማል። የእርስዎ አይጮህም፣ አይሄድም።»

«የእሷን ሻንሲ እንቆርጣለን» አሉት አንድ ቀን። «የእኔን የሚቆርጥ ጠፋ እንጂ።» እሱም ሳቀ፣ ከዚያ መሳቁን ተወው። በሚቀጥለው ጉዞው ከተጋጨ የጭነት መኪና የተፈቱ ሁለት ስፖኪዮዎች ይዞ መጣ፤ ሁለቱም እንደ ትሪ የሰፉ። ባለቤቴ ጂፗ ላይ ለክተው ሲያዩዋቸው «ጆሮዋ ከፊቷ በለጠ» አለ።

የፍልስታ ጾም ገባ። በፍልስታ እኔ ቤት የለሁም፤ ጠዋት ሄጄ ቅዳሴ አስቀድሼ የምመለሰው ከሰዓት በኋላ ነው። ጎረቤታችንም መንገድ ላይ ነበር። በእነዚያ ቀናት ባለቤቴ ብቻቸውን ሠሩ። ስመለስ የፊተኛው የሻንሲ ጫፍ፣ የጎማው ሞላ ባሌስትራው የሚታሰርበት፣ አዲስ ላሜራ ለብሶ፣ ተበይዶ፣ በግራይንደር ተልጎ አገኘሁት። ብየዳው የሚያምር ነበር፤ እንደ ጥልፍ ስፌት ቀጥ ያለ። «አበቃ፣ የበሰበሰ የለም» አሉኝ። ሁለት ጊዜ የዝገት መከላከያ፣ ሁለት ጊዜ ጥቁር ቀለም ቀባን። ጎንበስ የሚያሰኘውን ሥር ሥሩን እኔ ቀባሁ።

ገላዋን መልሰን ስናስቀምጥ፣ ሞተሩ ሲነሣ፣ ባለቤቴን ደግፈን መቀመጫው ላይ ስናሳርፋቸው፣ ልክ ሆነ። እግራቸው ፔዳሉ ላይ ደረሰ። እጃቸው መሪው ላይ አረፈ። ስፖኪዮዋን በጣታቸው ጠረጉ። በዚያ ቀን ለእህቴ ደወልኩና ለጥምቀት ጠብቂን አልኳት።

የቀረው ዓመታዊ ምርመራ ነበር፤ ያለ ቦሎ መንገድ መውጣት አይቻልም። በኅዳር እዚሁ ከተማ ወዳለው መመርመሪያ ጎረቤታችን ነዳት፣ ባለቤቴ አጠገቡ ተቀመጡ፣ እኔ ከኋላ። መርማሪው ወጣት ነው፣ ትሕትና ያለው። ፍሬኑን አየ፣ መብራቱን አየ፣ «አባቴ፣ በዚህ ዕድሜዋ እንዲህ ታምራለች?» አለ። ከዚያ ሊብሬውን ይዞ በስተፊት በኩል ተንበረከከ፤ በባትሪ አበራ፣ በጨርቅ ጠረገ፣ በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገ።

«ሻንሲ ቁጥሩ የታለ?»

«እዚያው ነው» አሉ ባለቤቴ። «የቀኙ ባሌስትራ ማሰሪያ ላይ።»

«እዚህ ያለው አዲስ ብየዳ ነው።»

ባለቤቴ ከመኪናዋ መውረድ ፈለጉ። ደግፈን አወረድናቸው። ቦታው ጋ ቆሙ፤ ጎንበስ ማለት ስለማይችሉ እጃቸውን ብቻ ወደ ታች ሰደዱና ላሜራውን ዳሰሱት።

«ሊብሬው በስሜ ነው» አሉ።

«አይቼዋለሁ፣ አባቴ። ግን ሊብሬው የዚህች መኪና መሆኑን በምን ላውቅ? ቁጥር የሌላት መኪና የማንም ልትሆን ትችላለች። እኔ ማሳለፍ አልችልም።»

ጎረቤታችን ሊከራከር ጀመረ፤ ባለቤቴ ክንዱን ያዙት። «ልጁ ልክ ነው» አሉ።

ወደ ቤት ተመለስን። ማታ ራት ሳቀርብ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ብረቱን ሲልጉ ቁጥሩ እዚያ አካባቢ እንዳለ ያውቁ ነበር። ግን አንገታቸው ወርዶ አያይም። በጣታቸው ዳሰሱት፤ ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል። የተመታውን ቁጥር ዝገት የበላው ጉድጓድ ነው ብለው በግራይንደር ላጉት።

«ሰው መጥራት አልነበረብዎትም?»

«ምን ብዬ? ና እይልኝ፣ እኔ አንገቴን ማዞር አቅቶኛል ልበለው?» እንጀራውን ቆረሱ። «አርባ ዓመት ብረት በጣቴ ሳነብ ኖሬያለሁ።»

ጎረቤታችን ላሜራውን መልሶ ቆረጠው። ሥሩ የቀለጠ ብረት ነበር፤ አጉልቶ በሚያሳይ መስተዋት ስናይ ሰባት የሚመስል አንድ ጭረት አገኘን፤ እሱም ሰባት ለመሆኑ እርግጠኛ አይደለንም። ከዚያ በኋላ ያለው የቢሮ ነገር ነው። አንዱ ፖሊስ ጋ ሂዱ ይላል፣ ፖሊሱ መኪናዋ ትመርመር፣ አዲስ አበባ ትሂድ ይላል፤ አዲስ አበባ ለመሄድ ደግሞ ቦሎ ያስፈልጋል። የንስሐ አባቴ ሊያጽናኑን መጥተው «እግዚአብሔር የሻንሲ ቁጥር አይጠይቅም» አሉ። ባለቤቴም «አባ፣ መንገድ ላይ የሚቆመው ትራፊክ ነው» አሏቸው።

ጥምቀት አለፈ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ባለቤቴ መቀመጫቸው ላይ ይሆናሉ፤ እኔ ከኋላ ቆሜ እመራቸዋለሁ። ከአጥሩ ጥግ እስከ ግቢው በር፣ ከበሩ ወደ አጥሩ ጥግ። «ይምጡ፣ ይምጡ፣ ወደ ግራ ይቁረጡ፣ ይመልሱ፣ በቃ።» ጎረቤታችን አንድ ቀን ከአጥር በላይ ሰምቶ «አዴ፣ መኪና እንደ ጳጳስ እየተለመነ ወደ ኋላ ይሄዳል እንዴ?» ብሎ ሳቀብን። እኛም ሳቅን። በሩን ግን አልከፈትኩትም። ያለ ቦሎ ከወጡ የሚመጣውን አውቃለሁ፤ እሳቸውም ክፈቺ አላሉኝም።

በክረምቱ አጋማሽ አንድ ቅዳሜ ደግፈን ልናስቀምጣቸው ስንሞክር ዳሌያቸው አልታጠፍ አለ። ጎረቤታችን መቀመጫውን እስከ መጨረሻው አጋደመው። አልሆነም። «ተዉት፣ መኪናዋ አልጠበበችም» አሉ። ቁልፉን አውጥተው ለእኔ ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ ወይ ይቆማሉ፣ ወይ ይተኛሉ፤ መካከሉ የለም።

መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ክረምት የያዘው ልብስ ሁሉ ፀሐይ በሚመታበት ሰሞን፣ ጃንጥላውን አወጣሁት። ብል እንዳይበላው ዘርግቼ የጂፗ አፍንጫ ላይ አስቀመጥኩት። ባለቤቴ መከላከያዋን ተደግፈው ቆመው ነበር። ጎረቤታችን ገባ።

«አዴ፣ ይኼ የማን ሠርግ ነው?»

ነገርኩት። ዘርፉን በጣቱ ነካ አድርጎ ተወው። «እኔ ነገ ኮምቦልቻ ነኝ» አለ። «ከዚያ ደብሩ ሩቅ አይደለም አይደል? ጋቢናዬም ባዶ ነው።»

ባለቤቴ ከነወገባቸው ወደ እኔ ዞሩ። «ሂጂ አብረሽው። እህትሽን አይተሽ ነይ።»

«ስለቱ እርስዎ እንዲያደርሱኝ ነው።»

«መምህርት፣ እኔ አላደርስሽም።»

ይህን ቃል ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። አሁንም ድረስ ድምፃቸው ጆሮዬ ላይ አለ፤ ምሬት የለውም፣ ብሎን ፈትቶ ጣሳ ውስጥ እንደሚጥል ሰው ነው የተናገሩት። ጎረቤታችን መሬት መሬት ያይ ጀመር።

«ማን ያለብስዎታል?» አልኩ።

ጃንጥላውን አጠፍኩ፣ ዘርፉን አስተካክዬ በነጩ ጨርቅ ጠቀለልኩ፣ ቁም ሣጥኑን ቆልፌ እንደ ልማዴ እጀታውን ሁለት ጊዜ ሳብ አድርጌ አየሁት። ያልደረሰ ስለት በሰው አይላክም።

በማግሥቱ ጠዋት ተሳቢው ከመንደራችን ወደ አስፋልቱ ሲታጠፍ፣ እንደ ልማዱ ሁለት ጊዜ ጡሩምባ ነፋልን። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆመው ነበር። እኔ እግራቸው ሥር ተንበርክኬ የጫማቸውን ክር እያሰርኩ ነበር።

«ፍሬኑን አሠርቷል» አሉ። «አልጮኸም።»

«አሠርቷል» አልኳቸው፣ ወደ ሁለተኛው ጫማ እየዞርኩ።