ድንኳኑን ያዋሱን ሰዎች

ከእሁድ ፕሮግራም ሁሉ እኔ የምወደው ማስታወቂያውን ነበር። ሰው ይስቅብኛል። ስብከቱ ለማወቅ፣ መዝሙሩ ለማመስገን ነው፤ ማስታወቂያው ግን የሰው ወሬ ነው። የዳባቶቹ ጣሪያቸውን ቆርቆሮ አለበሱ፣ ጭልጋ የሚጠመቁ ሰዎች አሉ፣ አርማጭሆ አንዲት እናት አርፋለች፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ የሴቶች ጸሎት አለ። እኔ ጎንደር ከተማ፣ ማራኪ በኩል ባለች ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ዘበኛ ሆኜ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ስልክ ባልበዛበት ዘመን ይህንን ወሬ በቃሌ ይዤ፣ እስከ መንገዱ ድረስ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ወዲያ በእግሬ፣ ደጋ ላሉት ምእመናን የማደርሰው እኔ ነበርሁ። ዛሬ ቴሌግራም ያደርሰዋል። ኔትወርክ ሲኖር ነው እንግዲህ።

አምና አንድ እሁድ፣ የአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ዓመታዊ ጉባኤ በኔ የትውልድ ቀበሌ እንዲሆን መወሰኑ ተነበበ። ከዳባት ወደ ላይ፣ ብርዱ የሚጸናበት አገር ነው። ጉባኤ ሁልጊዜ ከተማ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው፣ ምነው አያ ታለቅሳለህ አለኝ። ስለ እህቴ ነበር የማለቅሰው።

እታለም እላታለሁ፤ ታላቄ ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ ነው ወንጌል የተቀበለችው። የዚያ አገር ምእመናን የሚሰበሰቡት በሷ ቤት ነው። ባሏና ሁለት ልጆቿ የተቀበሩት በደብሩ ግቢ፣ ከጽዱ ዛፍ ሥር ነው። እኛ ደግሞ እዚያ አንቀበርም። የኛ ሰው ሲሞት በቃሬዛ እስከ አስፋልት፣ ከአስፋልት በማኪና ጎንደር ድረስ ወርዶ፣ በማያውቀው ሰው መካከል ይቀበራል። እታለም ጉልበቷ ከደከመ ወዲህ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከደብሩ ማዶ፣ ከወንዙ ባሻገር፣ ለእርሻም ለግጦሽም የማይሆን ድንጋያማ ተረተር አለ። እዚያ ብቀበር ትላለች፤ ከነሱ ጋር ባልሆን እንኳ ፊት ለፊት እንተያያለን።

ቀበሌው ሕዝቡ ከተስማማ አልቃወምም ብሎ ነበር። ሕዝቡን የያዘው የእድሩ ዳኛ ነው። የመሪጌታ ልጅ ነው፤ ጾም አይስት፣ ማኅሌት አያስታጉል። አብሮ አደጌም ነው። ስንት ዓመት ሽማግሌዎቹን ሲለማመጥ ኖሮ በመጨረሻ እሺ አሰኛቸው። ነገሩ እንዲህ ነበር የተቆረጠው፦ ጉባኤው ሲያበቃ እሁድ ከሰዓት፣ እንግዶቹም ምስክር ሆነው፣ ተረተሩ ላይ የመቃብራችን ቦታ ችካል ይተከላል። ለጉባኤውም የእድሩን ድንኳን ያውሱናል። የእድር ድንኳን ለጴንጤ ሲዋስ በዚያ አገር ታይቶም አይታወቅ።

እንዲህ ያለ ሸጋ ነገር በድንገት አልመጣም። እኛ በጾም ወራት አናርድም። ሃይማኖታችን አልከለከለንም፤ ማንም አላዘዘንም። ግን ጎረቤት ሁሉ ሆዱን አስሮ እየሰገደ ከኛ ቤት የጥብስ ሽታ አይወጣም። እታለም የጀመረችው ወግ ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል ማንም ሳያወራበት ኖረ፣ ጎረቤቱም ሳያወራ አየልን።

ጉባኤው የተቆረጠው ግን በዐቢይ ጾም ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጡት ሰባኪና መዘምራን ሌላ ጊዜ የላቸውም ተባለ። እዚሁ ጎንደር አራዳ ለዝግጅቱ በተሰበሰብንበት ቀን ተነሥቼ ይህንን ወጋችንን ተናገርሁ። የጉባኤው አስተባባሪ የተማረ ወጣት ነው፤ ክፉ ልጅ አይደለም፣ ሲያገኘኝ ትከሻዬን ስሞ አባባ ይለኛል። ስለ መብል ጥቅስ ጠቅሶ መለሰልኝ። ሰዎቹ ፈገግ አሉ። እኔ ጥቅሱን አውቀዋለሁ፤ የተናገርሁት ስለ ጥቅስ አልነበረም። ሳልቀመጥ መቆሜን ሲያይ፣ እሺ አባባ፣ ሽሮ እንበላለን አለኝ። አመንሁት።

ደጋ ስደርስ የእድሩ ሴቶችና የኛ ሴቶች አንድ ላይ ተቀምጠው ድንች ይልጣሉ። አንዷ የጎረቤት ሴት፣ ይኸን ሁሉ ድንች ልጠን ጴንጤ ሳንሆን እንቀራለን ወይ ብላ ትቀልዳለች። እታለም ከመደቧ ላይ ሆና፣ ገና ነሽ፣ ማጠቡ አለ አለቻት። ሴቶቹ በሳቅ ወደቁ። ከነሱ ጋር እንዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

እንግዶቹ አርብ ረፋዱ ላይ ገቡ። ከሚኒባሶቹ ኋላ አይሱዙ ነበር፣ አይሱዙው ላይ በሬ ነበር። ዳባት ገበያ የገዙት ነው።

አስተባባሪውን ለብቻው ጠራሁት። «ልጄ፣ ዛሬ አርብ ነው፣ ያውም የሁዳዴ። ድንኳኑ የነሱ ነው።»

«አባባ፣ ሰዎቹ ከአዲስ አበባ ድረስ መጥተዋል። ሽሮ አብልቼ ልመልሳቸው?»

«ሽሮ ያሳፍራል?»

«ጾሙ የኛ አይደለማ አባባ። ነጻ የወጣን ሰዎች አይደለን?» ብሎ እንደ ልማዱ ትከሻዬን ስሞኝ ሄደ።

ከድንኳኑ ጀርባ አረዱት። ፀሐዩ ሲበረታ ሥጋውን ወደ ውስጥ አስገብተው ከድንኳኑ ምሰሶ ላይ ሰቀሉት። ለቀበሌው ሰው ማንም መንገር አላስፈለገውም። ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ በዚያ ሰማይ አሞራ ሲያንዣብብ አይታይም፤ ምን አገኝ ብሎ ያንዣብባል? ያን ቀን ግን ከኛ ድንኳን በላይ አሞራና ቁራ ሲዞር ከሩቁም ታየ። ድንች የሚልጡት ሴቶች ቀና ብለው አዩ። ከዚያ እጃቸውን እየጠራረጉ አንድ በአንድ ተነሡ። የተቆጣ የለም፤ ማጀት የረሳሁት ነገር አለ እያሉ ነው የሄዱት። የሽሮው ድስት ሙሉውን ቀረ።

ቅዳሜ መዘምራኑ ዘመሩ፣ ሰባኪው ሰበከ፣ ሰው አለቀሰ። ሐሰት አልናገርም፣ ጸሎቱ የምር ነበር። እሁድ ከሰዓት እንግዶቹ መንገዱ ሳይመሽብን ብለው ቀድመው ወጡ። እኔና እታለም ችካሉን ይዘን ተረተሩ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ከማዶ ጽዱ ይታያል። ማንም አልመጣም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የእድሩ ዳኛ ብቻውን መጣ። እታለምን ጉልበቷን ስሞ ተቀመጠ።

«ድንኳኑን ወንዝ አውርደን እናጥበዋለን» አለ። «የፊታችን ሐሙስ ተዝካር አለበት።»

«ሌላውስ ነገር?» አልሁት።

«እኔን ምን ትለኛለህ? ስንት ዓመት እንደኛው አፈር ናቸው እያልሁ ለመንሁ። አሁን በምን አፌ ልናገር?» ወደ እታለም ዞረ። «እትዬ፣ አንቺ እንዳልበላሽ ሁሉም ያውቃል።»

እሷም ችካሉን ከጉልበቷ ላይ አንሥታ መሬት አስቀመጠችና፣ «በሬውን አይደለም የበሉት ወንድሜ፣ መቃብሬን ነው» አለች። ለኔ ይሁን ለሱ አላወቅሁም። ስትናገርም ፈገግ ብላ ነበር፤ ያ ፈገግታ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

በሳምንቱ ቴሌግራም ላይ ፎቶው ወጣ። የደጋው ጉባኤ በታላቅ በረከት ተጠናቀቀ ይላል። የእድሩ ድንኳን ጎልቶ ይታያል።

እታለም በክረምት፣ ጭቃው በከፋበት ወቅት ሞተች። ቃሬዛውን የተሸከሙት የኛ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። የእድሩ ዳኛ ጋቢውን አሸርጦ መጣና ማንንም ሳይጠይቅ የፊቱን በኩል ያዘ። አስፋልቱ ድረስ ሳይቀየር ተሸከመ። ሬሳው ማኪና ላይ ሲወጣ፣ «አቅሜ እስከዚህ ነው» አለኝና ተመለሰ። ጎንደር ቀበርናት። መቃብሯ ፊት ለፊት የብሎኬት አጥር ነው።

ለአስተባባሪው ሁሉንም ነገርሁት። ከልቡ አዘነ፤ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና፣ አባባ እንጸልይበታለን አለኝ።

ዘንድሮ ጉባኤው ሳንጃ ነው ተባለ። ባለፈው ሳምንት አስተባባሪው ደውሎ፣ ስለ ደጋው ጉባኤ ፍሬ ምስክርነት እንድሰጥ ጠየቀኝ።

«መቼ ነው?» አልሁት።

«ከፋሲካ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው አባባ።»

«እዚያስ ድንኳን የሚያውስ አገኛችሁ?»

አዎ፣ የአገሩ ሰው በጣም ደግ ነው አለኝ፤ ድምፁ ደስ ብሎታል። በቅርብ ያለ ሽማግሌ ፈልጎ እንዲጠይቅ፣ ሲነግረውም እንዲሰማው ነገርሁት። ምስክርነቱን ግን እንቢ አልሁ።

አሁን እሁድ እሁድ ማስታወቂያው ሲጀመር ከዘራዬን ይዤ እወጣና ድሮ በምጠብቀው በር ላይ እቀመጣለሁ። የዛሬው ዘበኛ ወንበሩን ይለቅልኛል። ድምፅ ማጉያው ግን እስከ በሩ ድረስ ይሰማል።