ታንኳ ውስጥ የሰማነው ቤዝ

ዛሬ ኒውላንድ ሰፈር አንድ ባጃጅ ቤዙን እየደለቀ ሲያልፍ የባሮ ወንዝ ታንኳችን ትዝ አለኝ።

ወጣት ሳለሁ የአጎቴ ልጅ ከሱዳን ብሉዝ የሚሉትን የጥቁር አሜሪካኖች ዘፈን በካሴት አመጣልኝ። ቴፑን ታንኳው ወለል ላይ አድርጌ ከፈትኩት። ቤዝ ጊታሩ ሲመታ እንጨቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። በእግር የሚሰማ ዘፈን ያኔ አየሁ፣ ሐሰት አልናገርም።

አባቴ የቤተክርስቲያን ሽማግሌ ነበር። «ዓለማዊ ዘፈን በእኔ ታንኳ? ወንዝ ነው የምወረውረው!» ብሎ ከዳር ዘሎ ገባ። ቴፑን እንደጨበጠ ግን ከእግሩ ስር የሚንቀጠቀጠውን ወለል ቁልቁል አየ።

«ይሄ ከታች የሚሄደው ማነው?»

«ቤዝ ነው፣ አባባ።»

«ዘፋኙን ዝም አሰኘው። ይሄኛው ይቆይ።»

«አይለያዩም እኮ!»

ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ እጁን ግን ከቴፑ ላይ አላነሳም። ሊወረውረው ይሁን ሊሰማው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።