ልጄ ያነበበችልኝ የፓርኩ ሕግ

ልጄ ኮሌጅ ልትገባ ጥቂት ሲቀራት አንድ የድሮ መዝናኛ ፓርክ ካልሄድኩ ብላ ተነሳች። ከጆርጂያ ወጥቶ፣ ተራራ ተሻግሮ ነው። የባለቤቶቹ አያት ጫካ መንጥሮ የጀመረው፣ ዛሬም የልጅ ልጆቹ የያዙት ቦታ ነው አለችኝ። ስልኳ ላይ ፎቶውን ስታሳየኝ መጀመሪያ ያየሁት ሰዎቹን ነው፤ ሽማግሌው፣ ልጁ፣ የልጅ ልጁ አንድ በር ላይ ቆመዋል። ቀጥሎ ሮለርኮስተሩን፣ ሰው ጭኖ ሐዲድ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚምዘገዘገውን ባቡር አየሁ። ከእንጨት ነው።

«እንጨት እኮ ይበሰብሳል» አልኳት።

«ማሚ፣ ሁሌ ጠዋት ሐዲዱ ላይ በእግራቸው እየሄዱ ቼክ ያደርጉታል።»

«የሚያየው ሰው አይደል? ሰው አይሳሳትም?»

«ኦ ማይ ጋድ» ብላ ስልኳን ነጠቀችኝ።

ፈሪ ነኝ፣ አልዋሽም። ሃይዌይ እፈራለሁ፣ ሊፍት እፈራለሁ፣ ሳልጠብቅ በር ሲንኳኳ መብራት አጠፋለሁ። እዚህ አትላንታ አጠገብ ሊቶኒያ ስንኖር የጎረቤቶቼን ውሾች እንጂ ጎረቤቶቼን አላውቅም። ይኼን ጉዞ ግን ፈለግሁት። ካለሷ ማንም የለኝም። ከመሄዷ በፊት አንድ ቀን ሙሉ አብሬያት ውዬ ልሸኛት ተመኘሁ።

የመረጠችው ቅዳሜ ፍልሰታ ውስጥ ሆነ። በፍልሰታ እኔ ቤተ ክርስቲያን ነኝ፤ ቅዳሴ ሳይወጣ ውኃ ባፌ አይዞርም። ይኼን ከሕፃንነቷ ታውቃለች።

«ሶሪ ማሚ፣ ሌላ ቀን የለም» አለች።

የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። «አባ፣ ልጄ ልትሄድብኝ ነው፤ ለአንድ ቅዳሜ ይፍቱኝ» ብል ሳቁብኝ። «ጾሙን ማን ፍቺ አለሽ? ይዘሽው ሂጂ። እግዚአብሔር የአትላንታ ብቻ መሰለሽ?»

በደስታ እየሮጥኩ መጥቼ ነገርኳት። ሲሪያል እየበላች ነበር፤ ማንኪያው እጇ ላይ ቆመ። «ኦኬ» አለች። የቀረውን ሳትበላ ማጠቢያው ላይ ደፋችው።

በማግስቱ ሕጉን ታነብልኝ ጀመር።

«ከውጭ ምግብ ማስገባት አይቻልም ይላል።»

የጾም ዳቦና ሩዝ በአታክልት አስቤ ነበር። «ይቅራ፣ የለመድኩት ረኀብ ነው» አልኩ።

ሌላ ቀን ደግሞ፣ «ነጠላም ሻርፕም አይፈቀድም፤ ማሽኑ ይይዘዋል።»

«ኮፍያ አደርጋለሁ።»

በመጨረሻ፣ ስልኳን እያየች፣ «ደም ግፊት ያለበት ሰው በበሩም አያልፍም። ኢንሹራንሳቸው ነው» አለች።

የደም ግፊቴን ኪኒን ከፋርማሲ የምታመጣልኝ እሷ ናት። እንግሊዝኛ የሚባለውን ሁሉ የሰማሁት በሷ አፍ ነው፤ ገና ፊደል ስትቆጥር ጀምሮ ሐኪም ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ የአፓርታማው ቢሮ ይዣት እገባለሁ። ሐኪሙ ሲያወራ የማየው የሷን አፍ ነው። እኔ አገር ቤት ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። ሕጉ ይላል ካለች፣ ይላል ነው።

የምሠራው አረጋውያን የሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም፣ ሎንድሪ ክፍል ነው። አንሶላ ስናጥፍ ለባልደረባዬ ነገርኳት። ጴንጤ ናት፤ ምላሷ ይቆርጣል።

«ደም ግፊት ያለበት አይገባም? እንዲህማ ከሆነ አበሻ በሙሉ ሊታገድ ነዋ! ማን ነው ያለው?»

«ልጄ አንብባልኝ።»

«ደውዪና ጠይቂያቸው።»

«በየት አፌ?»

«እመቤታችንን ቀኑን ሙሉ የምትጠሪበት አፍስ?»

እዚያው አንሶላው መሐል ቁጥሩን ፈልጋ ደወለች፤ ስፒከር ላይ አድርጋ እጄ ላይ ጣለችው። ማሽን ያነሳዋል ብዬ ነበር፤ ሰው አነሳው። የአሮጊት ድምፅ ነው፣ ከኋላዋ ልጆች ይጮኻሉ።

«ማይ ብለድ፣ ሃይ» አልኩ። «አይ ካም፣ ኦኬ?» ደም ግፊት አለብኝ፣ ልምጣ ወይ ማለቴ ነው።

ልጆቹን ዝም አሰኘች። ከዚያ ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ ብላ መለሰችልኝ። ይምጡ፣ ካልፈለጉ ምንም ላይ አይወጡም፣ ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር አለን። ምግብስ? ይዘው ይምጡ፣ ጠረጴዛም አለ። ሻርፕስ? ሳቀች። የፈለጉትን ይልበሱ።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ አፍ ጠይቄ በራሴ ጆሮ ገባኝ። ምነው ባልገባኝ።

ባልደረባዬ አንሶላውን እንደያዘች ቀረች። «ሸወደችሽ!» ብላ ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ፣ «አንቺ፣ የሐኪሙንስ በትክክል ነው የምትነግርሽ?» አለች።

ቀልዷን ነው። እኔ ግን ያጠፍኩትን አንሶላ መልሼ ዘረጋሁት።

ቤት ስገባ ጠየቅኋት። አላፈረችም።

«ጓደኞቼ አብረውኝ ናቸው፣ ማሚ። አንቺ ከመኪናው ጀምሮ ‹ቀስ በዪ፣ ቀስ በዪ›። ወረፋው ላይ ማማተብ። እኔ ላይ ስወጣ ደግሞ ታች ቆመሽ ትጮኺያለሽ። የትምህርት ቤት ጉዞ ሁሉ ፈርተሽ አስቀርተሽኛል። አንድ ቀን ካንቺ ፍርሃት ወጥቼ ልዋል! ዋን ዴይ!»

«መኪናው የኔ ነው» አልኩ። «ወይ ከኔ ጋር፣ ወይ አትሄጂም።» ቁልፉን ደረቴ ውስጥ ከተትኩት።

ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኋት። አየችኝ፣ አየችኝና፣ «እንግዲያው ይቅር» አለች።

ይቅር አለች እንጂ ነይ አላለችም።

ቅዳሜ ሁለታችንም ቤት ዋልን። ከተኛችበት ተነሥታ ትወጣለች ብዬ ቅዳሴም ቀረሁ፤ ቁልፉን ደረቴ ውስጥ ይዤ ሳሎን ተቀመጥኩ። ለመንገድ የጋገርኩትን ዳቦ አልነካችውም። ሲሪያሏን ይዛ ክፍሏን ዘጋች።

ኮሌጅ ያደረስኳት ቀን፣ የምታድርበት ሕንጻ በር ላይ አንድ ሰውዬ ወደኔ ዞሮ በእንግሊዝኛ ብዙ ነገር ተናገረ። እየሳቀ ይናገራል፣ እጁን ወደ ፎቁ ይዘረጋል፣ አንድ ነገር ይጠይቀኛል። ልጄ እንደ ልማዷ ወደኔ ዞራ ልትተረጉምልኝ አፏን ከፈተች።

«አያስፈልግም» አልኳት። «ገብቶኛል።»

«የስ፣ የስ» እያልኩ ራሴን ነቀነቅሁ። ሰውዬው እጄን ጨበጠኝ። ልጄ አፏን ዘጋች፣ ሻንጣዋን አነሣችና ወደ ውስጥ ገባች።

ሰውዬው ምን እንዳለኝ፣ ምኑን እሺ እንዳልኩት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።