መንገድ ተዘግቶ ሳለ የመጣው ባትሪ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ፣ እዚሁ መካነ ሰላም ነው። ዓመት ሊሞላው ነው። ግን አበልጄን ጌታሁንን መንገድ ላይ ባየሁት ቁጥር ላመስግነው ወይስ ልቆጣው ዛሬም አልለየልኝም።

አስቀድሜ ልናገር፤ እኔ ተጠራጣሪ ሴት ነኝ። ገበያ ወጥቼ ጤፍ ስገዛ እጄን እስከ ክርኔ ጆንያው ውስጥ ካልከተትኩ አላምንም። ላዩ ነጭ ሥሩ አፈር የሆነ ስንት አይቻለሁ! ባሌ፣ ነፍሱን ይማርና፣ "አንቺን ካገባሁ ወዲህ ኪሴ ሳይፈተሽ ውሎ አያውቅም" እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

የምተዳደረው በባጃጅ ነው። በቤንዚን የሚሄደው ሳይሆን በቻርጅ የሚሠራው። አሮጌ ነው፤ ያገለገለ ነው ከደሴ የገዛሁት። ቀን ቀን ሰውና ዕቃ አመላልስበታለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ግን የአባቴ ነው። አባቴን አገሩ ሁሉ የኔታ ነው የሚላቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ዳገቱ ላይ ባለው ደብር ድጓ ያስተምራሉ። ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ ያለ ባጃጄ ዳገቱን አይሞክሩትም።

መከራው የጀመረው ባትሪዎቹ ሲደክሙ ነው። ከወንበሩ ሥር የተደረደሩት የአሲድ ባትሪዎች ክብደታቸው አይጣል ነው። ሌሊቱን ሲሞሉ ያድራሉ፣ ጠዋት ዳገቱ መሀል ላይ ቀጥ! አባባ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው የሚያልፍ መኪና ይጠብቃሉ። አንዳንድ ቀን የሚያነሳቸው አጥተው ተመልሰናል። ተማሪዎቹ "የኔታ ዛሬም ቀሩ" እያሉ ወደ ሌላ ጉባኤ ቤት ማማተር ጀመሩ። ደብሩም ሌላ መምህር ሊያመጣ ነው የሚል ወሬ ሰማሁ። አባባ የመምህርነት ወንበራቸውን ከተቀሙ እንደማይሰነብቱልኝ አውቃለሁ። ከማስተማር ሌላ ምን አላቸው?

ጌታሁን ልጄን ናትናኤልን ክርስትና ያነሳልኝ ሰው ነው። የብየዳና የኤሌክትሪክ ጥገና ሱቅ አለው። እሱ ነው ያማከረኝ።

"አበልጄ፣ አሲዱን ተይው፤ ሊትየም ላስገባልሽ። ቀላል ነው፣ ቶሎ ይሞላል፣ ዳገት አይፈራም" አለኝ። ያለችኝን ሰጠሁት። ደሴ ላለ ነጋዴ ደውሎ አዘዘ። ባትሪው ሊጫን ነው ሲባል መንገድ ተዘጋ። ከአቀስታ ወዲህ መኪና አያልፍም ተባለ፤ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅም የለም።

በየቀኑ ሱቁ እየሄድኩ "መጣ?" እለዋለሁ። "አልመጣም፤ አብሽሪ አበልጄ" ይለኛል። አንድ ቀን አባባ እንደገና ከዳገቱ መሀል ሲመለሱ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አየሁ። እያለቀሱ ነበር። ቤት አድርሻቸው እንደ እብድ ጌታሁን ሱቅ ገባሁ።

"ጌታሁን! በክርስትና ልጅህ በናትናኤል ይዤሃለሁ፤ አባባን ዳገቱን አውጣልኝ!"

በእኛ ዘንድ ሰው በክርስትና ልጁ ተይዞ እምቢ አይልም። ጌታሁን የብየዳ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሳጥን ትከሻው ላይ አድርጎ ቤቴ መጣ። መንገዱ እንደተዘጋ ነው!

"በየት መጣ?" አልኩት።

"መጣ አልኩሽ፤ አንቺ ደግሞ!" ብሎ የባጃጇን ወንበር መፍታት ጀመረ።

እኔ መቼም ዓይኔን አልነቅል። አዲስ ዕቃ ካርቶን የለውም እንዴ? የሳጥኑ ጎንና ጎን ተፋፍቋል። ቡለን የገባበት ቀዳዳ አለው፣ ከሌላ ቦታ ላይ እንደተፈታ ግልጽ ነው። መለያ ወረቀቱ ተልጦ ሙጫው ብቻ ቀርቷል። ቦታው ላይም በደንብ አልገጠመም፤ ጣውላ ወሽቆ፣ በጎማ ቁራጭ አሰረው። ለምን በቡለን አታስረውም ብለው "ለጊዜው ነው" አለኝ። ለስንት ጊዜው? ከዚያ ሌላ ቻርጀር ሰጠኝና በድሮው እንዳትሞክሪው፣ ሳጥኑንም ማንም እንዳይከፍተው ብሎ አስጠነቀቀኝ። አሮጌዎቹን ባትሪዎች በጋሪ ጭኖ ወሰዳቸው።

ደግሞ ቅለቱ! ያንን ሁሉ ክብደት አውጥቶ አንድ ሰው የሚሸከመውን ሳጥን አስገብቶ እኩል ነው ይለኛል። ባዶ ጆንያ የተሸጠልኝ መሰለኝ።

ግን ሄደ። እንዴት ያለ አካሄድ! ዳገቱን ሽምጥ ወጣነው። አባባ ከኋላዬ ሆነው "ቀስ በይ ልጄ፣ ቀስ በይ" እያሉ ይስቃሉ። ተማሪዎቹ ከደጀ ሰላሙ ወጥተው ተቀበሏቸው። ሰው ቢሆን ይደሰታል፤ እኔ የባትሪ መለኪያውን ነው የማየው። ወጥተን ወርደን፣ ቀኑን ሙሉ ሠርቼበትም ሙሉ ነው ይላል። ጌታሁንን ብጠይቀው "መለኪያው የተሠራው ለአሲዱ ነው፤ ሊትየሙን ማንበብ አይችልም፤ አትመኚው" አለኝ። መለኪያውም ውሸታም፣ እሱም የሚደብቀው ነገር ያለው። ማንን ልመን?

በገበያ ቀን ከደጎሎ ገብስ ይዘው የመጡ አንድ ነጋዴ አሳፈርኩ። ባጃጄ ድምፅ የሌላት መሆኗን አይተው በምን እንደምትሄድ ጠየቁኝ። ሊትየም ስላቸው ጎንበስ ብለው ከወንበሩ ሥር አዩና ከንፈራቸውን መጠጡ።

"ተጠንቀቂ እህቴ። ከኔትወርክ ማማ ላይ ባትሪ እየፈቱ የሚሸጡ አሉ ይባላል። ሲይዙ ሻጩን ብቻ አይደለም፣ ይዞት የተገኘውንም ነው የሚወስዱት።"

መንገድ ተዘግቶ የመጣ፣ ከሌላ ቦታ የተፈታ፣ መለያው የተላጠ፣ "ለጊዜው" የተባለ። አለቀ፤ ሌላ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ?

እስሩ እንኳ አይደለም ያስፈራኝ። አባባ ናቸው። አባባ የጎረቤት ዶሮ በረታችን ገብታ የጣለችውን እንቁላል ይዘው ሄደው የመለሱ ሰው ናቸው። የተሰረቀ ዕቃ ላይ ተቀምጠው ወደ ቤተ እግዚአብሔር መሄዳቸውን ካወቁ ባጃጇን ዳግም አይረግጧትም። ዳገቱ ቀረ ማለት ነው፤ ወንበሩም ቀረ። ብነግራቸው አጠፋቸዋለሁ፤ ባልነግራቸው በየጠዋቱ ኃጢአት ላይ አስቀምጣቸዋለሁ። አበልጅን ደግሞ ሌባ ብሎ መክሰስ እንዴት ይሆናል? ልጄን ታቅፎ የቆመ ሰው ነው።

በማግስቱ ጠዋት አባባን ካሳፈርኩ በኋላ በጌታሁን ሱቅ በኩል ዞርኩ። ዝግ ነው። ሌባ ምን ሱቅ ይከፍታል አልኩ በሆዴ። "ጌታሁን ቤት አንድ ነገር አለኝ፤ አንዴ ብቻ" አልኳቸው አባባን። እሳቸው ውዳሴ ማርያማቸውን እየደገሙ ራሳቸውን ነቀነቁ።

የቤቱ በር ክፍት ነው። ባጃጇን ደጃፉ ላይ አቁሜ ገባሁ። የጌታሁን ሚስት አስካለ ግቢ ውስጥ ተቀምጣ ከትሪ ላይ እንቁላል እያነሳች ባልዲ ውስጥ ትወረውራለች። አስካለ ጫጩት በማሽን እያስፈለፈለች ነው የምትሸጠው፤ ለሀገሩ ጫጩት የምታዳርሰው እሷ ናት። አንዱ እንቁላል ከእጇ አምልጦ እግሬ ሥር ፈረጠ። ውስጡ ላባ ያበቀለ ጫጩት ነበር።

"ምነው አስካለ? ምን ሆነሽ?"

"ባሌን አትይኝም! አበልጅሽን አትይኝም!" አለች እየጮኸች። "መብራት ሲጠፋ ማሽኑን የሚይዝልኝ የሊትየም ባትሪ ነበረኝ። ሊጠገን ነው ብሎ ፈትቶ ወሰደው። የት አለ ስለው 'ይመጣል' ነው መልሱ። ትናንት መብራት ጠፍቶ አደረ፤ ይኸው፣ ሁሉም ሞቱብኝ! ሸጦታል! ወላሂ ሸጦታል! ሴት ይዞ እንደሆነስ ማን ያውቃል?"

ሌባ ልል የመጣሁት ሴትዮ፣ የጠፋውን ዕቃ ደጃፏ ላይ አቁሜዋለሁ። ዝም ብዬ ብወጣ አታውቅም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እግሬ ወደ በሩ ዞሮ ነበር። የአባባን ወንበር አሰብኩ። ከዚያ ያችን ጫጩት አየሁ።

"አስካለ፣ ከእኔ ዘንድ ነው ያለው" አልኳት። "ባጃጄ ላይ ነው። እኔም አላወቅሁም። በናትናኤል ይዤው ነው፤ የእኔ ደሴ ሲቀር ያንቺን አምጥቶ ገጠመልኝ።"

አስካለ እንቁላሉን እንደያዘች ቀረች። ከበሩ ውጭ የመቋሚያ ኳኳታ ሰማን። አባባ ሁሉንም ሰምተው ከባጃጇ ወርደው ነው። አንድ እጃቸው መቋሚያቸውን፣ አንዱ የበሩን ቋሚ ይዟል።

"አስካለ ልጄ" አሉ፣ "ሳታውቂ ያንቺ ዕቃ ላይ ስቀመጥ ሰነበትኩ። ይቅር በይኝ። አሁኑኑ ይፈታልሽ።"

አስካለ እንቁላሉን ትሪው ላይ አስቀምጣ እየሮጠች ደረሰችባቸው። በብብታቸው ይዛ ወደ ባጃጇ መለሰቻቸው።

"ይቀመጡ የኔታ! ኧረ ይቀመጡ! ተማሪዎቹ እየጠበቁዎት አይደለም እንዴ? ቢፈታስ አሁን የሞተው ሊነሳ ነው?"

"እኮ ያንቺ ነው..."

"አዎ የእኔ ነው! የእኔ ከሆነ እኔ ይቀመጡ አልኩ። ይሂዱ። ከእሱ ጋር እኔ እተሳሰባለሁ።"

ጌታሁን በዚያው ሰዓት በብስክሌቱ ወደ ቤቱ ሲመጣ ባጃጇን ከደጃፉ፣ ሚስቱን ከባጃጇ ጎን ከሩቅ አየ። ብስክሌቱን አዞረና ሄደ! በዚያ ሁሉ ድንጋጤ ላይ እኔና አስካለ ሳቅ አፈነን።

መንገዱ ሲከፈት የእኔ ባትሪ መጣ። ጌታሁን በቡለን አሰረልኝ፣ የአስካለን ሳጥን ወደ ቦታው መለሰ። ለምን እንደደበቀኝ ስጠይቀው "በናትናኤል ስትይኝ ምን ልበልሽ? ለእሷ ብነግራት እምቢ ትለኛለች፤ ላንቺ ብነግርሽ አትወስጂም" አለኝ። አባባ ዛሬም ዳገቱን እየወጡ ያስተምራሉ።

ሰው ይህን ስነግረው ጌታሁንን ያመሰግናል። እኔ አልችልም፤ ያለቀሰችው ሚስቱ ናት። እሱ የራሱን አልሰጠኝም፣ የሷን ነው የሰጠኝ። የሰጠችኝስ አስካለ ናት፤ ያውም ጫጩቶቿ እግሯ ሥር ሞተው፣ ማንም ሳይለምናት።