ድምፅ የሌለው ክሊም

እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው አርባ ምንጭ አጠገብ ካለችው ጫኖ የወጣሁት። አባቴ ማንጎው ሥር ባወጣንለት አልጋ ላይ ተደግፎ ነበር። ሊሸኘኝ ተነሥቶ ትንፋሽ አጠረውና ተመልሶ ተቀመጠ። ካምባ በኩል ካለው ደጋ በወጣትነቱ ሙዝ ሊተክል ወረደና እዚያው ቀረ፤ ሙቀቱን ግን አንድ ቀን እንኳን አልለመደውም። ደጋውን በጋሞኛ “ገዜ” ይለዋል። ስሙን ሲጠራ ውኃ እንዳገኘ የተጠማ ሰው ፊቱ ይፈታል።

“ጅቡቲ ከዚህ ይብሳል ይላሉ” አለኝ።

“ይብሳል አባዬ።”

“ሰው ከሙቀት ሸሽቶ ወደ ሙቀት ይሰደዳል እንዴ?”

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ ሳጣ ስንት ጊዜ እንደተቀመጥኩ ግን ያውቃል። እናቴ ቦርሳዬን ተሸክማ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ።

የዚህ የጅቡቲ ሙቀት እንደኛው እንዳይመስላችሁ። የኛው አመሻሽ ላይ ከዓባያ ሐይቅ በኩል ነፋስ ሲመጣ ይላላል፤ የዚህ ግን ነፋሱ ራሱ ከምድጃ የወጣ ነው። ገበያ ውስጥ ሙዝ አይቼ ከየት እንደመጣ ልጠይቅ አልኩና አፈርኩ። ዝም ብዬ አሽትቼው አለፍኩ።

አከራዬ ማዳም ፋጡማ ለኢትዮጵያውያን ስታከራይ አማርኛ ለምዳለች። ክፍሉ “ከክሊም ጋር ነው” ብላኝ ነበር፤ ክሊም የሚሉት ኤሲውን ነው። ገብቼ ሪሞቱን ጠየቅኳት።

“ሪሞቱ እኔ ጋ ነው” አለችኝ።

“ከክሊም ጋር ነው ብለውኝ አልነበር?”

“ይኸው ግድግዳው ላይ አለልሽ አይደል? መብራቱን ማን ሊከፍል ነው?”

“ታዲያ ምን ይሠራልኛል?”

“እያየሽው ተኚ። ካንቺ በፊት የነበረችው ልጅ እያየችው ብቻ ይበርዳት ነበር።”

ሥራ ያገኘሁት፣ እንደ ቀልድ፣ ኤሲ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ነው። ሰው ፊት ሲያቆሙኝ ምላሴ የሚተሳሰር እኔ፣ ቀኑን ሙሉ ስለ ሁለት ዓይነት ኤሲ ሳወራ እውላለሁ። ርካሹ ሲነሣ መብራቱን አንዴ ይስበዋል፣ ያጓራል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይነሣል። ውዱ ኢንቨርተር ነው፤ ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ኃይል ሲወርድ ይታገሣል፣ ድምፅም የለውም። አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ሁለቱንም አስከፍቶ ሰማና ርካሹን መረጠ። “የኔ እመቤት፣ ሚስቴ ስትናገር ይሄ ቢያጓራልኝ ምን ይጎዳል?” አለኝ።

በዚህ መሀል እናቴ ደወለች። አባቴ ብሶበታል። ሐኪሙ ልቡ ደክሟል፣ ሙቀት ይጎዳዋል፣ ከሆስፒታልም አትራቁ ብሏቸዋል። እሱ ደግሞ “ገዜ፣ ወንድሜ ጋ ውሰዱኝ” ይላል።

“እዚያ ሐኪም የለ፣ ክረምት ሲገባ መንገዱ ይዘጋል” አለች እማዬ። “አንቺ ካላልሽ አላወጣውም።”

የበኩር ልጅ ነኝ፣ የተማርኩትም እኔ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ቃሉ ከእኔ ይጠበቃል። እኔ ደግሞ ስመለስ በሕይወት እንዲቆየኝ ፈለግኩና አይሂድ አልኳት። ቶሎ ልመለስ ብል ፓስፖርቴ የመኖሪያ ፈቃድ ሊያሳድስልኝ በወሰደው ደላላ እጅ ነበርና ሄጄ ጠየቅኩት።

“መቼ ልውሰደው?”

“ሲያልቅ።”

“መቼ ያልቃል?”

“ውሰጂው ያልኩሽ ቀን።”

ስለዚህ ደጋውን ወደ አባቴ ልልክለት አሰብኩ። ጫኖ ሲመሽ አምፖሉ እንዴት እንደሚቀላ አውቃለሁ፤ ርካሹ በዚያ ኃይል አይነሣም፣ ቢነሣም ይቃጠላል። ውዱን መረጥኩ። አሠሪዬ “ለጭቃ ቤት ይሄን?” ብሎ ሳቀ። “ለአባቴ ነው” አልኩት። በከባድ መኪና አዲስ አበባ ገባ፣ ከዚያ ሙዝ አራግፎ የሚመለስ አይሱዙ ጫኖ አደረሰው። እማዬ ጣሪያውን በማዳበሪያ ኮርኒስ አስደረገች፣ የግድግዳውን ቀዳዳ በጨርቅ ደፈነች። ከአርባ ምንጭ የመጣው ባለሙያ ገጠመላቸውና በርና መስኮቱ ይዘጋ አለ። እኔም በስልክ “እማዬ፣ በሩን አደራ” አልኩ።

አባቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ተጋድሞ እንቅልፍ ወሰደው። ሲነግሩኝ ሱቁ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ግን እኛ ሰፈር ሰው ሲታመም በሩ ከንጋት እስከ ማታ ክፍት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ጠያቂ አያንኳኳም። ገብቶ ይቀመጣል፣ ቢያወራ ያወራል፣ ባያወራም መርቆ ይወጣል። በሩ የተዘጋ እንደሆነ ሕመምተኛው ሰው አልፈለገም ማለት ነው። ጎረቤቱ መጥቶ በሩን ዝግ ያየዋል፣ ጆሮውን ቢያቀና ኮሽታ የለም፤ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ያ የሚያጓራው ቢሆን ኖሮ ውስጥ ነፍስ እንዳለ ይነግራቸው ነበር። ከሰዓት በኋላ አብሮት ይቀመጥ የነበረው ጎረቤታችን ጋሽ አንጁሎ እንኳን ከአጥሩ ይመለስ ጀመር።

ምሽት ላይ አባቴ ራሱ ደወለ።

“ብርዱ መጣልኝ ልጄ። ሰው ግን ቀረብኝ።”

“ትንሽ ትንሽ ይክፈቱልህ፣ አባዬ።”

“ሲከፈት ይሞቃል፣ ሲሞቅ ትንፋሼ ይቆረጣል። ብርዱም ሰዉም ያለበትን ቦታ አንቺም ታውቂዋለሽ።”

“እስክመጣ ብትጠብቀኝስ?”

“አንቺን ስጠብቅ አይደል የተዘጋብኝ?” አለ፤ በቁጣ አልነበረም።

ደህና እደር ብዬው ዘጋሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት ለእማዬ ደወልኩ።

“ውሰዱት” አልኳት።

“አንቺስ? ሳታይው?”

“ውሰዱት፣ እማዬ።”

ጋሽ አንጁሎ የወንድሙን ልጅ መኪና ለምኖ ደጅ አቁሞ ቃሌን ይጠብቅ ኖሯል። እማዬን ስልኩን ሳትዘጋ አባቴ ኪስ ውስጥ እንድትከትልኝ ለመንኳት። ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ ነበር፤ ምርቃቱ በአማርኛም በጋሞኛም እየተደራረበ ይሰማኛል። ከዚያ የሞተር ድምፅ፣ ረጅም መንገድ፣ ከዚያ የአባቴ ድምፅ፣ “መስኮቱን ዝቅ አድርጉልኝ።” ነፋሱ ገባ። አሠሪዬ የሱቁን በር ከፍቶ በእጁ ጠራኝ፤ እኔም በእጄ ቆይ አልኩት። ዳገቱን ሲይዙ መስመሩ መቆራረጥ ጀመረ። መጨረሻ ላይ የሰማሁት አባቴ መንገድ ዳር ያለ ሰው ጮክ ብሎ በጋሞኛ ሰላም ሲል ነው፤ ትንፋሹ አላጠረም።

ከዚያ ጠፋ። መልሼ ስደውል ደንበኛውን ማግኘት እንደማይቻል የምትናገረው ሴት መለሰችልኝ። የአገር ቤት ድምፅ ናትና እስክትጨርስ ሰማኋት። ከዚያ እንደገና ደወልኩ።