ሞተሩ ተሸፈነ፤ ነጂውስ?

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ዳቦ ቤት ተሰልፌ ሳለሁ ጎረቤቴ ጠጋ ብላ «እትዬ አስካለ፣ ሞተር መንዳት ጀመሩ አሉ፤ እውነት ነው እንዴ?» አለችኝ።

ሐሰት ነው። ሞተር አልነዳሁም። ሞተር ላይ ተቀምጫለሁ፤ ያውም በቆመ ሞተር። ቤቴል መንገድ ዳር ፎቶ ያነሱኝ ልጆች ፎቶው ላይ ይህቺን ልዩነት ቢጽፉ ምን ነበረበት? ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰፈሬ ኮልፌ ገብቷል። የባሰ ሳይበላሽ ራሴ ልጻፈው።

ምንተስኖት የሚባል አንድ ልጅ አለኝ። ሠላሳውን አልፏል፤ አላገባም። ሥራው በሞተር ዕቃ ማድረስ ነው። የሞተሩ ኢንሹራንስ ሊያልቅበት ስለሆነ ዛሬ ጠዋት ሊያሳድስ ሲነሳ «እኔም እመጣለሁ» አልኩት።

«ምን ልታደርጊ?»

«ውሉን ላነብ።»

እሱ በሞተር፣ እኔ በታክሲ ሄድን። ቤቴል ባለው የኢንሹራንስ ቢሮ ውስጥ የተቀበለችን ልጅ ገና ሳንቀመጥ «ሦስተኛ ወገን ነው ወይስ ሙሉ?» አለች።

በእኛ ጊዜ መምህራችን ያልገባውን «ገባኝ» ያለ ተማሪ ከሰነፉ ይበልጥ ይቀጡ ነበር። ስለዚህ «አልገባኝም፤ አስረጂኝ» አልኳት።

ልጅቷ አልሰለቸችም። «እማማ፣ ሦስተኛ ወገን ማለት ልጅዎ ሰው ቢገጭ ወይም የሰው ንብረት ቢያበላሽ ለተጎዳው የሚከፈል ነው። ግዴታ ነው፤ ያለሱ መንገድ አይወጣም። ሙሉው ደግሞ የራሱ ሞተር ቢጋጭ፣ ቢሰረቅ፣ ቢቃጠል ያንንም ይጨምራል።»

«ሙሉው ይሁን» አለ ምንተስኖት፤ ደረቱን ነፋ አድርጎ። «ሙሉ ከተባለ ሙሉ ነው። አለቀ።»

«አላለቀም» አልኩ። «የተገጨው ሰው ዋስ አለው። ሞተሩም ዋስ አለው። የዚህ ልጅ እግር ቢሰበርስ?»

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «የእሱ እግር እዚህ ውስጥ የለም፣ እማማ። ለነጂው አካል ለብቻው የሚገባ አለ። ቢጎዳ ለሕክምናው፣ አካሉ ቢጎድል፣ ከዚያም የባሰ ቢመጣ... ብዙ ሰው አይጠይቅም እንጂ።»

ብዙ ሰው አይጠይቅም! ለፍሬቻው ዋስ ጠርተን ጉልበቱን ረስተነዋል ማለት ነው።

«ያንን ጨምሪበት» አልኳት።

«አትጨምሪ!» ልጄ ፊቱ ተለዋወጠ። «እማዬ፣ በገዛ እጄ በራሴ ላይ አላሟርትም። ጓደኞቼ አንዳቸውም የላቸውም። ለእግሬ ስብራት ቀብድ ልክፈል?»

«ለሞተሩ ስትገባስ አላሟረትክም?»

«ሞተር ብረት ነው!»

ሄልሜቱን አንስቶ ወጣ።

ተከተልኩት። እሱ ሮጦ የሚያመልጥ፣ እኔ ደረጃ የምፈራ... በምን ላስቆመው? ሞተሩ ከበሩ አጠገብ ቆሟል። እሱ ስልክ ሲያነሳ ቀሚሴን ሰብሰብ አደረግሁና ከደረጃው ጠርዝ ላይ ሆኜ ወጣሁበት። ተደላድዬ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ ውረጂ! ሰው እያየ ነው!»

«ይይ።»

«ትወድቂያለሽ እኮ!»

«ብወድቅ የትኛው ይሸፍነኛል? ገብተህ ጠይቅልኝ።»

ሰው ተሰበሰበ፤ ልጆች በስልካቸው ፎቶ አነሱኝ። አንድ የታክሲ ረዳት ከበሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ማዘር፣ አየር ጤና ነው? አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው፣ የሞላ!» እያለ ጮኸ። ምንተስኖት ሊቆጣ ሲል ሳቁ አመለጠው። «እሺ፣ እሺ... ውረጂ፣ እገባለሁ።»

ተመልሰን ተቀመጥን። ልጅቷ ዕድሜውን ጠየቀች፣ ሥራውን ጠየቀች፣ ጻፈች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እንግዲህ አይምጣ እንጂ... ከባሰ ገንዘቡን የሚቀበለው ማን ይሁን?» አለችው።

«እናቴ» አለ። ትንሽ እንኳ አላሰበም።

ይህን ጥያቄ አልጠበቅሁትም።

«የእኔን ስም እዚያ እንዳትጽፊ» አልኳት።

«ለምን፣ እማማ?»

«አታሟርቱብኝ!»

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ምንተስኖት ዞሮ አየኝ። አልሳቀም። «አየሽ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

ልጅቷ ተቸገረች። «የተቀባይ ስም ሳይሞላ ይሄንን መጨረስ አልችልም። የሚሞላውም በመታወቂያ ነው። ይዘዋል?»

«ቤት ረስቼዋለሁ» አልኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

«እንግዲያው የሞተሩን ልጨርስላችሁና ለሌላው ነገ ተመለሱ።»

እንዲህ ሆኖ ዛሬ ሞተሩ ተሸፍኖ ወጣ። ልጄ ሳይሸፈን ወጣ። ያስቀረሁትም እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አልቻልኩም። ወንበሩን ከመስኮቱ አራቅሁት፤ መልሼ አስጠጋሁት። በመንገዱ ሞተር ባለፈ ቁጥር እነሳለሁ። የእሱን ድምፅ ከሺህ መሃል እለያለሁ ብዬ ስኩራራ ኖሬ ዛሬ ሁሉም የእሱ መሰለኝ። ልደውልለት ስልኩን አነሳሁና ተውኩት... እየነዳ ያነሳዋል ብዬ።

አመሻሽ ላይ ገባ፤ ደህና ነው። እየበላ «እማዬ፣ ነገ በጠዋት አስኮ የማደርሰው ዕቃ አለ፤ የኢንሹራንሱን ነገር ሌላ ቀን እናደርገዋለን» አለኝ። ወጥ ጨመርኩለት። እሱ እሺ ያልኩ መሰለው።

ነገ መጀመሪያ፣ ሳይነቃ የሞተሩን ቁልፍ ከጃኬቱ ኪስ አወጣለሁ። ቀጥሎ እቀሰቅሰውና በታክሲ ይዤው እሄዳለሁ፤ ቢሮው ሲከፈት በሩ ላይ እንቆማለን። መታወቂያዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ለልጅቷ እሰጣታለሁ፤ ምንም ብታስብ ታስብ። ስሜን ከነአባቴ፣ ከነአያቴ አስጽፌ ፊደል እንዳልተገደፈ አነበዋለሁ፤ እዚያ ቦታ ላይ ስሜን ማንበብ ከቻልኩ።

ከዚያ በኋላ ቁልፉን እሰጠዋለሁ።